ስለ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ፍቅር

በጁባ ከተማ፥ ከኮኞ ኮኞ ገበያ አንሥቶ እስከ ነጭ ዓባይ ድልድይ ድረስ፥ ቦዳ ቦዳ የሚባለው የኪራይ ሞተር ብስክሌት ሰውንና ሸክምን ሲያመላልስ ስለሚውል፥ ቀዩ አቧራ ማጣሪያውን፥ የክረምቱ ጭቃ ሰንሰለቱን ሲበላው፥ አንድ ማሽን ለሐሤት ብቻ ተጠብቆ ዕድሜ የሚጠግብበት ዕድል እምብዛም የለም።

እንዲህም ሆኖ፥ አሮጌ ሞተር መውደድን የባለጸጎች ቅንጦት ነው ብለው ከሚነቅፉት ጋር አልስማማም። አሮጌው ማሽን ምሥጢሩን አይሰውርም፤ ካንዴላው ተፈትቶ ጥቀርሻው በሽቦ ብሩሽ ሲጠረግ፥ ክፍተቱ ሲለካ፥ ካርቡራቶሩ ቤንዚን ሲሞላና መርገጫው በልክ ሲመታ፥ ማርሚታው ድንገት ያጓራል (በማለዳ በሚማረረው ጎረቤት ግን አልፈርድም)፤ ባለቤቱም በዚያች ቅጽበት የትዕግሥቱን ዋጋ በጆሮው ይቀበላል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1934 መጨረሻ ከለንደን ተነሥተው፥ ሰሐራን አቋርጠው፥ በ1935 ኬፕ ታውን የገቡት ቴሬሳ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን፥ የጎን ጋሪና ተጎታች በተገጠመለት 600 ሲሲ ፓንተር ሞተር ብስክሌት ያን ሁሉ ፍኖት የተጓዙት፥ የተሰበረውን በመንገድ ላይ መጠገን ስለሚቻል ጭምር ነው። በ1932 ስሙ የወጣው ሮያል ኤንፊልድ ቡሌት የተባለው ሞተርም እስከ ዛሬ የሚሠራው፥ ይህንን በገዛ እጅ የመጠገን ተድላ የሚሹ ነጂዎች ስላላለቁ ይመስለኛል።

እንግዲህ የጁባ መካኒኮች፥ በዛፍ ጥላ ሥር በጥቂት መፍቻ ሕይወት የሚዘሩቱ፥ ለመለዋወጫ ከሚበትኗቸው ሞተሮች መካከል አንዱን እንኳ ሳይበትኑ ለልጆቻቸው ቢያቆዩ እወዳለሁ፤ ጥገናውን ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ በከተማይቱ አይገኝምና።