ሥዕሉን ማን ያነሣል? ማንስ ይመርጣል?

አንድ አንባቢያችን «ፎቶግራፍ አይዋሽም» ሲሉ ጽፈውልናል። ባለፈው እትማችን ያወጣነው የአንዲት የተራበች እናት ሥዕል ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም ባይ ናቸው። ስለ ተሟገቱልን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን አልተስማማንም። ያን ሥዕል ከውጭ አገር ጋዜጣ ቆርጠን ስናወጣ የእናቲቱን ስም አልጠየቅንም፤ ቦታውንም ቀኑንም አላልንም። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ፎቶግራፍ የጋዜጣ ባለሟል የሆነው ትናንት አይደለም። (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1880 የኒውዮርኩ ዴይሊ ግራፊክ ፎቶግራፍን ወደ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ለውጦ ከፊደሉ ጋር በአንድ ገጽ ማተም እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ በፊት ቀራጭ ፎቶግራፉን እያየ በእንጨት ላይ ይቀርጸው ነበር። ዋናው ለውጥ ግን የመጣው ከጀርመን ነው። በ1925 ለገበያ የወጣችው ላይካ በ35 ሚሊ ሜትር የሲኒማ ፊልም እያከታተለች የምታነሣ፣ በኮት ኪስ የምትያዝ መሣሪያ ነበረች። ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ሲቀር አንሺው ወደ ሰልፉም ወደ ምሽጉም ገባ። ኤሪክ ሰሎሞን በሌላ አነስተኛ መሣሪያ በ1930 በሄግ ጉባኤ ሌሊቱ ሲገፋ በድካም የተዘረሩትን ሚኒስትሮች አነሣ። ሕዝብ ገዢዎቹን እንዲህ አድርጎ አይቷቸው አያውቅም ነበር!

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ይህ ሙያ ተሰደደ። የሙኒኩን ሥዕላዊ መጽሔት ይመራ የነበረው ስቴፋን ሎራንት በ1933 ታሰረ፤ ከተፈታ በኋላ ለንደን ገብቶ በ1938 ፒክቸር ፖስትን አቋቋመ። ሰሎሞን ግን አላመለጠም፤ በ1944 በአውሽቪትዝ ተገደለ።

በአሜሪካ ደግሞ ሄንሪ ሉስ በ1936 ላይፍን አወጣ። ሳምንታዊው ላይፍ እስከ 1972 ድረስ ሲታተም ብዙ ታላላቅ ሥዕሎችን አሳይቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ አንሺው ያነሣል እንጂ አይወስንም ነበር። ዩጂን ስሚዝ በላምባሬኔ ስለ አልበርት ሽቫይትዘር ያነሣቸው ሥዕሎች በ1954 ሲታተሙ ምርጫውና አቀማመጡ ከእጁ በመውጣቱ ተጣልቶ ሥራውን ለቀቀ። ሮበርት ካፓና ጓደኞቹ በ1947 ማግነምን ያቋቋሙትም የሥዕሉ ባለቤትነት ከመጽሔቱ ወጥቶ ለአንሺው እንዲሆን ነው።

አንሺው መብቱን አገኘ። የተነሣውስ ሰው? በ1935 አልፍሬድ አይዘንስታት ጦርነት ሊነሣ ሲል አገራችን መጥቶ የአንድ ወታደራችንን ባዶ እግር አነሣ። ፊቱ አይታይም። ሥዕሉ በዓለም የታወቀው በአንሺው ስም ነው። ያ ወታደር ግን የአንዱ አባት፣ የአንዱ ወንድም ነበር።

ስለዚህ ከዚህ እትም ጀምሮ አንሺው፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ከተቻለም የተነሣው ሰው ስም ያልታወቀ ሥዕል አናወጣም። አገር ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች መሣሪያ ካላችሁ አንሡና ላኩልን፤ መግለጫውንም ራሳችሁ ጻፉት፤ ሳንነካ እናትመዋለን። ስለ እናቲቱም ወደ ጋዜጣው ደብዳቤ ጽፈናል። መልሱ ሲደርሰን በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን።