«ገዢ አጣ» የተባለው መጽሐፍ

እ.ኤ.አ. በ1729 ኢብራሂም ሙተፈሪቃ የካቲብ ቸለቢን የኦቶማን የባሕር ጦርነቶች ታሪክ ኢስታንቡል በሚገኘው ማተሚያ ቤቱ በ1000 ቅጂ አተመ። የዚህ ማተሚያ ቤት ስም ለረጅም ጊዜ ሲነሣ የኖረው የውድቀት ምሳሌ ሆኖ ነው፤ ሕዝቡ ሕትመትን ስለ ናቀ መጻሕፍቱ ገዢ አጡ ይባላል። ይህ ፍርድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ እንጂ ተቆጥሮ የተደረሰበት አይደለም።

ታሪክ አጥኚው ኦርሊን ሳቤቭ የሟቾችን የውርስ መዝገብ አገላብጠው ቆጠሩ። አታሚው ሲሞት ሳይሸጥ የተገኘው ክምችት ከጠቅላላው ሕትመት ሲሶ ገደማ ብቻ ነበር። ከመጻሕፍቱ ባለቤቶች መካከልም የመንግሥት ሹማምንትና ጸሐፊዎች ጎልተው ይታያሉ። ይህ አያስደንቅም። ቸለቢ ራሱ የሠራዊቱ የሒሳብ ጸሐፊ ነበር፤ መጽሐፉንም የጻፈው በ1656 የኦቶማን መርከቦች በዳርዳኔልስ በቬኒስ በተሸነፉ ማግሥት፣ ለባሕር አዛዦች የሚሆን ምክር አክሎበት ነው።

«ሲሶው ለዓመታት ተከምሮ መቅረቱስ?» የሚል ይኖራል። ዘገምተኛ ሽያጭ ግን በመጀመሪያ የካፒታል ችግር ነው፤ ገንዘቡ በመጋዘን የታሰረበት አታሚ ቀጣዩን መጽሐፍ ለማተም ይቸገራል። ይህን ለዕውቀት ጥላቻ አድርጎ መተርጎም የትንታኔ ስንፍና ነው።

ስንፍናው ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ «ሕዝባችን አያነብም» ስንል እንውላለን። ዋጋን፣ ሥርጭትንና የገዢን ማንነት ሳይመረምር «ባህል ነው» ብሎ የሚደመድም የፖሊሲ ሰነድ ሲቀርብልን ጥያቄያችን አንድ ይሁን፦ መዝገቡ የታለ?