የወፍ ዋሻ ደን ጥበቃና የአጎራባች ነዋሪዎች ተጠቃሚነት

በሰሜን ሸዋ ዞን አንኮበር፣ ጣርማበርና ባሶና ወራና ወረዳዎችን የሚያዋስነው የወፍ ዋሻ ደን፣ በደጋማው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክፍል ከተረፉት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከዚሁ ደን የተወሰደ የጽድ ዘር በወጨጫ ተራራ ተዘርቶ የመናገሻ ሱባ ደንን እንዳስገኘ ይነገራል።

ይሁንና ማገዶ፣ የቤት መሥሪያ እንጨትና የከብት መኖ ከደኑ የሚያገኘውን አርሶ አደር በክልከላ ብቻ መመለስ አዳጋች ነው። የአንኮበርን ገደላገደል በጥቂት የጥበቃ ሠራተኞች ማዳረስም አይቻልም።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ልምድ በዚያው ዞን ይገኛል። የመንዝ ጓሳ ነዋሪዎች ለዘመናት «ቄሮ» በሚባል ነባር ሥርዓት አካባቢውን ለተከታታይ ዓመታት ዘግተው ያቆዩ ነበር፤ ጓሳ ሣሩ ሲደርስም በተመረጠው አባ ቄራ ትእዛዝ በተወሰነ ጊዜ ያጭዱ ነበር። ሥርዓቱ በርስት ይዞታ ላይ የቆመ ስለነበር የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ተዳከመ፤ ሣሩም ያለገደብ ይታጨድ ጀመር። በኋላ ነዋሪው በአዲስ መልክ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ ተረክቧል። የቀድሞው ሥርዓት ርስት ለሌለው ደጅ የዘጋ እንደነበር ግን አይዘነጋም።

በባሌ ተራሮች አዳባና ዶዶላ ወረዳዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው አሠራር ደግሞ የደን ነዋሪዎችን በማኅበር አደራጅቶ ወሰኑ የታወቀ ደን በውል አስረክቧቸዋል። የአንድ ማኅበር አባላት ከ30 አባወራ እንዳይበልጡ መደረጉ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲቆጣጠር አስችሏል።

የሕግ ማዕቀፉም ተሻሽሏል። የ1999ኙ የደን አዋጅ ቁጥር 542 የመንግሥትንና የግልን ደን ብቻ ሲያውቅ፣ በ2010 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብንና የማኅበራትን ደን በባለቤትነት አክሏል። አሳታፊ የደን አስተዳደርም ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል።

በወፍ ዋሻ ዙሪያም አሳታፊ አስተዳደር ተሞክሯል። አሠራሩ ከፕሮጀክት ዕድሜ እንዲሻገር ግን ውሉ ዝርዝር ሊሆን ይገባል፤ የትኛው ቀበሌ የትኛውን ክልል እንደሚጠብቅ፣ የወደቀ እንጨትና ሣር ማን በየትኛው ወር እንደሚወስድ፣ ከቅጣት የሚሰበሰበው ገንዘብ ለማን ገቢ እንደሚሆን ሊጻፍበት ይገባል። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የተተከለውን ችግኝ በየዓመቱ ቆጥረው ሪፖርት ያደርጋሉ፤ ለነዋሪው በውል የተላለፈው መብት ግን በዚያው ሪፖርት ውስጥ ዓምድ የለውም።