የጥምቀት ቲሸርትና ብርቱካናማው እጣቢ

ጥምቀት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሰፈራችን ቲሸርት አታሚ እንቅልፍ የለውም። የየመንደሩ ወጣቶች ደጁ ላይ ተራ ይዘው ይቆማሉ፤ አንዱ የደብሩን ስም፣ ሌላው የመስቀል ሥዕል፣ ሌላው በታቦቱ ፊት ምንጣፍ የሚያነጥፈውን የማኅበሩን ስም ያስጽፋል። ባለፈው ሰሞን እኔም የልጄን ቲሸርት ላወጣ ሄጄ ስጠብቅ ዓይኔ ከቤቱ ጀርባ ወደ ቦዩ በሚወርደው ውኃ ላይ ተተከለ። የብርቱካን ጭማቂ የደፉበት ይመስላል።

«ቀለም ነው እንዴ የምትደፉት?» አልኩት የሚያጥበውን ልጅ።

«አይ ጋሼ፣ ቀለም እንኳ አይደለም። የፍሬም እጣቢ ነው።»

ይህችን «እንኳ» ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ልጁ ቀለምን ይፈራል፤ ቀለም ልብስ ያበላሻል፣ ጎረቤት ያስቆጣል። እጣቢ ግን እጣቢ ነው። እንዲህ ማሰቡ የእሱ ጥፋት አይደለም። የትኛው እንደሚያስፈራ የነገረው የለም።

ፍሬሙ ወንፊት የመሰለ ስስ ጨርቅ የተወጠረበት የእንጨት አራት ማዕዘን ነው። ጨርቁ ላይ የሚቀባው ወፍራም ፈሳሽ በአብዛኛው ፖሊቪኒል አልኮል የሚባል ፖሊመር ነው። ስሙ አልኮል ይበል እንጂ አያሰክርም፤ በውኃ የሚሟሟ ሙጫ ነው። ፖሊመር ማለት ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰካክተው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ይህ ሙጫ ብቻውን ብርሃንን አይለይም። ብርሃን እንዲለይ ባይክሮሜት የተባለ ብርቱካናማ ጨው በጥብጠው ይጨምሩበታል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀብቶ ሲደርቅ በጥቁር የተሠራው ጽሑፍ ይለጠፍበትና ፀሐይ ወይም አምፖል ያሳዩታል። ብርሃን የነካው ሙጫ ይደነድናል፤ ከዚያ በኋላ ውኃ አያሟሟውም። ጥቁሩ ፊደል የጋረደው ግን እንደነበረ ይቆይና ውኃ ሲረጩበት ታጥቦ ይወርዳል። ቀለሙ ወደ ቲሸርቱ የሚያልፈው በዚያ በተከፈተው ቦታ ነው።

ድንቅ ጥበብ ነው፤ ዕድሜውም ትንሽ አይደለም። ባይክሮሜት የተቀባ ወረቀት ብርሃን እንደሚለውጠው ስኮትላንዳዊው ሙንጎ ፖንተን ያስተዋለው በፈረንጆቹ 1839 ነበር። በ1852 እንግሊዛዊው ፎክስ ታልቦት ያንኑ ጨው ከእንስሳት ሙጫ ከጀላቲን ጋር አዋሕዶ ለሕትመት ሳህን መሥሪያ አዋለው። ፖሊቪኒል አልኮል ጀርመን አገር የተሠራው በ1924 ነው። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ረጅም ሰንሰለት ስለ መኖሩ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ገና ይከራከሩ ነበር። ከ1920 ጀምሮ «አለ» እያለ የተሟገተው ኸርማን ሽታውዲንገር የኖቤል ሽልማቱን እስኪያገኝ 33 ዓመት ጠብቋል። የእኛ የብራና ጸሐፊዎችስ ጥላሸቱን በሙጫ ሲያሹ ክርክሩን መች ሰሙ? ቀለሙ ብራናው ላይ ዘመናትን የሚቆየው ያ ሙጫ ይዞት ነው፤ ሙጫም ዛፍ የሠራው ፖሊመር ነው።

ወደ እጣቢው ልመለስ። በባይክሮሜት ውስጥ ያለው ክሮሚየም ሁለት ጠባይ አለው። በጨውነቱ ሳለ ኬሚስቶች ባለ ስድስት ይሉታል፤ ብርሃን ከሙጫው ጋር ሲያገናኘው ወደ ባለ ሦስት ይለወጥና የፖሊመሩን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያቆላልፋል። ፍሬሙ ላይ ደንድኖ የሚቀረው ይሄኛው፣ ለዘብ ያለው ነው። ታጥቦ የሚወርደው ብርሃን ያላገኘው ባለ ስድስቱ ነው። ባለ ስድስት ክሮሚየም ደግሞ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፤ ቆዳንም ያቆስላል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ከ0.05 ሚሊግራም የበለጠ ክሮሚየም እንዳይኖር ይመክራል። የባሰው ደግሞ አለ። ሥራው አልቆ ፍሬሙን ለሌላ ጽሑፍ ሲፈልጉት የደነደነውን ሙጫ በበረኪና ይፍቁታል፤ በረኪና ደግሞ ለዘብ ያለውን ክሮሚየም ወደ ባለ ስድስትነቱ ሊመልሰው ይችላል። ልጁ የሚያጥበው በባዶ እጁ ነው። ጥፍሮቹ ሥር ያለውን ቢጫ አይቼ የቀለም መስሎኝ ነበር።

«ፍሳሽ ማጣሪያ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ። የቃሊቲው ጣቢያ ከተስፋፋ ወዲህ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ተደርጎ ተሠርቷል። ነገር ግን ቃሊቲ የሚደርሰው በፍሳሽ መስመር የገባው ነው። የሰፈራችን ቦይ ለዝናብ የተቆፈረ ነው፤ ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ ወንዙ ወደ አቃቂ፣ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። በአቃቂ ውኃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ የእኛው ገበታ ላይ ይቀርባል።

እጣቢው የፍሳሽ መስመር ውስጥ ቢገባስ? ውኃን የሚያጠሩትም ብዙዎቹ ፖሊመሮች ናቸው። በድፍርስ ውኃ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ቅንጣቶች አብዛኞቹ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ አይዘቅጡም። መጀመሪያ አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨመራል። ይህንን የሚያመርት ፋብሪካ አዋሽ መልካሳ ላይ አለን። ቻርጁ ሲከሽፍ ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ። ቀጥሎ ፖሊአክሪላማይድ የሚባለው እጅግ ረጅም ሰንሰለት በጥቂቱ ይገባል፤ አንዱን ቅንጣት በአንድ ጫፉ፣ ሌላውን በሌላው ይዞ ይጎትታቸዋል፤ እንደ ባዘቶ ተሰባስበው ይዘቅጣሉ። በሱዳን የዓባይ ዳር ሴቶች ይህንኑ በሞሪንጋ ፍሬ ሲያደርጉት ኖረዋል፤ የፍሬው ፕሮቲን ፖዚቲቭ ቻርጅ ያለው በመሆኑ ድፍርሱን ይሰበስባል። የኛ የኮንሶ ሽፈራው የዚያ ዛፍ ዘመድ ነው።

ባለ ስድስት ክሮሚየም ግን ቅንጣት አይደለም። እንደ ጨው ሟሙቶ ነው የሚጓዘው፤ ያ ሁሉ ሰንሰለት ቢዘረጋ በመካከሉ ሾልኮ ያልፋል። እሱን ለመያዝ መጀመሪያ ብረት ባለው ጨው ወይም በሌላ ኬሚካል ወደ ባለ ሦስት መመለስ፣ ከዚያ በኖራ ማዝቀጥ፣ ዝቃጩንም የሚቀብሩበት ደህና ቦታ ማግኘት ያስፈልጋል። ወይም እንደ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መሆን ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ስለሌለው የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራልና፣ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ አንድም ጠብታ ፍሳሽ እንዳይለቅ ተብሎ ነው የተሠራው። እዚያ ውኃው በፖሊመር ስስ ሽፋን እየተገፋ ጨውና ቀለም ወደ ኋላ ይቀራል። በሚሊዮን ሊትር ለሚቆጠር ፍሳሽ ያዋጣል። ለአንድ በር አታሚ ግን ማን ይተክልለታል?

ሐሳቤ ከዚያ ብርቱካናማ እጣቢ አልወጣ ያለው ለዚህ ነው። ስለ ውኃ ብክለት ስንነጋገር ዘወትር የምናወራው ስለ ትልቁ ጣቢያ ነው፤ የትናንሾቹን እጣቢ ግን ጣቢያ አያገኘውም፣ ቢያገኘውም አይዘውም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። አታሚያችን አዋጁን ሰምቶት አያውቅም፤ በሩን አንኳኩቶ ያነበበለትም የለም። ግብር ሰብሳቢ ግን ቤቱን ያውቀዋል።

መፍትሔው የተገኘው ውኃው ዘንድ ሳይሆን ሙጫው ዘንድ ነው፤ ያውም ከአርባ ዓመት በፊት። ጃፓናዊው ኬሚስት ኩኒሂሮ ኢቺሙራና ባልደረቦቹ ያንኑ ፖሊቪኒል አልኮል ወስደው ብርሃን የሚያውቅ ቅርንጫፍ ሰንሰለቱ ላይ ተከሉበት። ብርሃን ሲያርፍ ቅርንጫፎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይያያዛሉ፤ ሙጫው ይደነድናል፤ ክሮሚየም የሚባል አያስፈልግም። ተቀምሞ የሚመጣ ስለሆነ መበጥበጥም አያስፈልገውም። ከእሱ በፊት የነበረው ዲያዞ የሚባለው ማደንደኛም ክሮሚየም የለውም። ሁለቱም ከባይክሮሜት ይወደዳሉ፤ የእኛ ሰው ባይክሮሜቱን የሙጥኝ ያለው ስለረከሰና በየሱቁ ስለሚገኝ ነው።

ማክሰኞ መርካቶ ወርጄ ክሮሚየም የማይፈልገውን ሙጫ ሦስት ሱቅ ጠየቅሁ። የመጀመሪያው «እሱን የሚፈልግ የለም» አለኝ። ሁለተኛው ምን እንደምጠይቀው ግራ ገባው። ሦስተኛው ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የለበሰ አንድ ቆርቆሮ አውጥቶ በክንዱ ጠረገልኝ። የአገልግሎት ጊዜው ሊያልፍ ሦስት ወር ይቀረዋል። ገዛሁት፤ ለልጁም የላስቲክ ጓንት ጨመርኩ።

አታሚያችን ቆርቆሮውን እያገላበጠ አየው። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ።

«ብርቱካናማ አይደለም» አለ።

«አይደለም።»

«ፀሐይ ላይ ስንት ደቂቃ ይቆያል?»

አላወቅሁም። የኛን የጥር ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ የጻፈው የለም፤ በሙከራ ነው የሚገኘው፤ ሙከራ ደግሞ የሚበላሽ ፍሬም ይፈልጋል።

«እስከ ጥምቀት አልነካውም ጋሼ፤ ስልሳ ቲሸርት ይዤ መቀለድ አልችልም። ከቃና ዘገሊላ ማግስት ይምጡ፣ አብረን እንሞክረዋለን።» ጓንቱን ለልጁ ወረወረለት። ልጁ አጠለቀው፤ ሰፍቶታል። በአንድ እጁ የጓንቱን አንገት እንደያዘ ቀጣዩን ፍሬም አነሳ።