ሳይሠራ እንግዳ የተቀበለው ሆቴል

የሸራተን ስም ባለቤት የነበረው ስታርውድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 አሎፍት የተባለ አዲስ ሆቴል «ከፈተ»። ሆቴሉ ሲሚንቶም ብረትም አልነበረውም። የቆመው ሰዎች በኮምፒውተር ምስል ተመስለው በሚዘዋወሩበት፣ ሰከንድ ላይፍ በተሰኘው ምናባዊ ዓለም ውስጥ ነው።

አልጋ የተከራየ አልነበረም። እንግዶቹ ሎቢውን ዞረው አይተው ቀለሙ ይለዘብ፣ መታጠቢያ ቤቱም ሬዲዮ ይግባለት አሉ። ኩባንያው ይህን ሰምቶ የመጀመሪያውን እውነተኛ አሎፍት በ2008 ከፈተ። በዚያው ዓለም በ2006 ሱቅ የከፈተው የልብስ ኩባንያ አሜሪካን አፓረል ግን በዓመቱ ዘግቶ ወጣ።

ልዩነቱ ግልጽ ነው። አንዱ ሊሸጥ ገባ፤ ሌላው ሊጠይቅ። ቴክኖሎጂውን እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ብቻ የሚያይ ነጋዴ ገንዘቡን ይበትናል (ሰሌዳ መንገድ ዳርም አለ)። በባንክ ብድር ሆቴል ለሚሠራ ባለሀብት ትልቁ ሥጋት ግድግዳው ከቆመ በኋላ የሚመጣ አስተያየት ነው። ያኔ ማፍረስ አለ፤ ወለዱም እየቆጠረ ነው።

ዛሬ ዓይን ላይ በሚጠለቅ መነጽር ያልተሠራ ክፍል ውስጥ መዘዋወር ይቻላል። የአዲስ አበባ ባለሆቴል ይህን መነጽር መጀመሪያ ማጥለቅ ያለበት ለምርቃት ተጋባዦች ሳይሆን፣ መሠረት ሳይቆፈር ለአስጎብኚ ድርጅቶች ነው።