ፎርማት ከማስደረጋችን በፊት



ውድ እህትና ወንድሞች፣ የሰሚስተር ዕረፍት እየደረሰ ነው። ምህንድስና ወይም ኮምፒውተር የምናጠና ሁሉ ቤት ስንገባ ምን እንደሚጠብቀን እናውቃለን፤ «ኢንተርኔቱ እምቢ ብሏል፣ እስቲ እየው።» የብዙዎቻችን መልስ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 እናደርገዋለን፣ ወይ «ፎርማት ይደረግ» እንላለን። ሁለቱም ሳይመረምሩ መድኃኒት ማዘዝ ነው። ፎርማቱ ደግሞ ይብሳል፤ የቤተሰቡን ፎቶና የእህታችንን የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

መድረሳ ስንቀራ ኡስታዝ የተሳሳትንበት ፊደል ላይ ያስቆሙናል እንጂ እንደገና ከአሊፍ ጀምሩ አይሉንም። እዚህም መጀመሪያ የሚጠየቀው «የት ላይ ነው የቆመው?» ነው።

ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በቁጥር ነው፤ እኛ የምንጽፈው ግን ስም ነው። ስሙን ወደ ቁጥር የሚፈታው ዲኤንኤስ ነው። እሱ ሲበላሽ መስመሩ ደህና ሆኖ ገጽ አይከፈትም። ለዚህ ጥሩ ምልክት አለ፦ ቴሌግራም ይሠራል፣ ብሮውዘሩ ግን ምንም አይከፍትም። ቴሌግራም የሰርቨሮቹን ቁጥር በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ ስም የሚፈታለት ባያገኝም ይገናኛል። ይህን ያየ ሰው ፎርማትን ማሰብ የለበትም።

ለማረጋገጥ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተን 8.8.8.8ን ፒንግ እናድርግ። መልስ ከመጣ መስመሩ ደህና ነው። በቁጥሩ ፋንታ የአንድ ድረ ገጽ ስም ስንጽፍ «አላገኘሁትም» ካለ ችግሩ ስም መፍታቱ ላይ ነው። ቁጥሩም ካልመለሰ ዲኤንኤስ መቀየር ምንም አይፈይድም፤ ገመዱን፣ ራውተሩን፣ ጥቅሉ አልቆ እንደሆነም እንይ። የኮምፒውተሩ አይፒ በ169.254 ከጀመረ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው።

አሮጌ ዴስክቶፕ በየገጹ የደህንነት ማስጠንቀቂያ ካወጣ ደግሞ ቀኑን እንመልከት። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ ቀኑ ወደኋላ ይመለሳል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የሞላ አጎት ካለም (አይጠፋም!) ኮምፒውተሩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ስለቀረ የገጾቹን የምስክር ወረቀት አይቀበልም።

8.8.8.8 በራሱ መጥፎ አይደለም። የጉግል ነው፤ 1.1.1.1 ደግሞ የክላውድፍሌር። የምንቃወመው ሳይናገሩ መቀየርን ነው። ከዚያ በኋላ ከዚያ ቤት የሚፈለጉ ድረ ገጾች ስም ወደዚያ ድርጅት ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ በእጃችን ያለ አማና ነውና ባለቤቱ ሊያውቅ ይገባል። በራሳችን ላፕቶፕ ላይ ተረስቶ ከቀረም ግቢ ስንመለስ ያስቸግረናል፤ በግቢው ኔትወርክ ውስጥ ብቻ የሚታወቁ ስሞችን ጉግል አያውቃቸውም። በምዝገባ ቀን «ሲስተሙ ወድቋል» ከማለታችን በፊት ይህን እንፈትሽ።

ስለዚህ ማንኛውንም ቅንብር ከመንካታችን በፊት የነበረውን በስልክ ፎቶ እናንሳ። መጀመሪያ ራውተሩንና ኮምፒውተሩን አጥፍተን እናብራ፤ የቆየ የተሳሳተ መልስ በካሽ ይዞ ከሆነ በዚሁ ይጸዳል። ታናናሾቻችንንም አጠገባችን እናስቀምጣቸው፤ እኛ ግቢ ስንመለስ ቤት የሚቀሩት እነሱ ናቸው።