ጣሪያው የማን ነው?
ለኮልፌ ቀራንዮ የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪዎች



ገዢው ፓርቲ ምርጫ በደረሰ ቁጥር ቤት ይቆጥርላችኋል። ይህን ያህል ሺህ ኮንዶሚኒየም ሠራን፣ ይህን ያህል ዕጣ አወጣን፣ ይህን ያህል ቁልፍ አስረከብን ይላል። እኛ የምንጠይቀው ቁልፉ ከተሰጠ በኋላ ስላለው ኑሮ ነው። በሚኪሊላንድ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ውሃ የምታገኘው በስንት ሰዓት ነው? የፍሳሽ መስመር ሲደፈን ነዋሪው የማንን በር ያንኳኳል?

የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀመረ። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ቤት ፈላጊ ተመዘገበ። በዚያው ዓመት ምርጫ የአዲስ አበባ ሕዝብ ለተቃዋሚዎች ድምፁን ሰጠ። የመረጠው ምክር ቤት ግን ሥራ ሳይጀምር ቀርቶ ከተማዋ ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም. በባለአደራ አስተዳደር ተመራች። ግንባታው በተስፋፋባቸው በእነዚያ ዓመታት «ከርክክቡ በኋላስ?» ብሎ የሚጠይቅ የሕዝብ ተመራጭ አልነበረም። ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ፈርሶ ብልፅግና ፓርቲ ቢተካም ቤት ቆጥሮ ኑሮን የመርሳቱ አሠራር አልተለወጠም።

ይህን ችግር ከዚህ በፊትም አይተነዋል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ተወርሰው ኪራይ ሲቀነስ ብዙ ድሃ እፎይ ብሎ ነበር። ነገር ግን ኪራዩ ለጥገና አልበቃም፤ የቀበሌ ቤት ጭቃው ሲረግፍና ቆርቆሮው ሲያፈስ የሚጠግነው ጠፋ። የቀበሌው ቤት ያፈሰሰው ባለቤቱ መንግሥት ስለነበረ ነው። ኮንዶሚኒየሙ የሚያፈሰው ደግሞ የጋራው ክፍል የሁሉም ተብሎ የማንም ስላልሆነ ነው።

ውጤቱን የምትኖሩት እናንተ ናችሁ። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣም ግፊቱ ከታችኞቹ ፎቆች አያልፍም። አቅም ያለው ዲናሞ ገጥሞ ይስባል፣ የጎረቤቱ ቧንቧ ይደርቃል፤ አቅም የሌለው ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። የላይኞቹ ፎቆች መስመር ሲደፈን ፍሳሹ የሚገነፍለው ከምድር ቤቱ ነዋሪ መጸዳጃ ነው። ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለበግ ማረጃ የታሰቡት የጋራ ቤቶችም በብዙ ቦታ ለሌላ ጥቅም ውለዋል። ጎረቤት የሆነው ሕዝብ በደረጃ መብራት ሂሳብ እንዲነታረክ፣ በውሃ እንዲቃቃር ተደርጓል።

ሕግ የለም አንልም። የጋራ ሕንፃ ቤቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ የሆነውን ክፍል ማስተዳደር ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰጥቷል። ገዢው ፓርቲም «ጥገናው የእናንተ ነው» ሲል ይህን ሕግ ይጠቅሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን እኛም እናውቃለን። ነገር ግን የመንደር ሙሉ የፍሳሽ መስመር ሎሚ አይደለም። ሲሠራ የተበላሸውን የቤት ዕዳውን ለባንክ የሚከፍለው ነዋሪ በመዋጮ እንዲጠግን መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። ማኅበሩ የባለቤቶች ስለሆነም በየቤቱ የሚኖረው ተከራይ ድምፅ የለውም፤ ሌላ ሰፈር የሚኖረው አከራይም መዋጮ ሲጠየቅ አይገኝም።

የከተማው አስተዳደር በ2015 ዓ.ም. የጣሪያና ግድግዳ ግብርን ከፍ አደረገ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጸደቀ። ግብር ሲሰበሰብ ጣሪያውና ግድግዳው ባለቤት ይገኝለታል፤ ሲያፈስና ሲሰነጠቅ ግን ባለቤት የለውም። ግብር አይከፈል አንልም። የተከፈለበት ጣሪያ ይጠገን እንላለን።

ስለዚህ ፓርቲያችን ብትመርጡት የሚከተሉትን ይፈጽማል፦

1. ከሕንፃው ግድግዳ ውጭ ያለው ዋና የውሃና የፍሳሽ መስመር፣ የውስጥ መንገድና የጎርፍ መውረጃ የከተማው አስተዳደር ኃላፊነት መሆኑን በደንብ ያስወስናል። የገነፈለ ፍሳሽ ሪፖርት ከተደረገበት ሰዓት ጀምሮ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲነሳ ያደርጋል።

2. ከማኅበራት መዋጮ በፊት እያንዳንዱ ሕንፃ በገለልተኛ መሐንዲሶች እንዲመረመር ያደርጋል። የግንባታ ጉድለት ከሆነ ወጪው በነዋሪው ላይ አይጫንም።

3. ከጋራ መኖሪያ ቤቶች ከሚሰበሰበው የጣሪያና ግድግዳ ግብር የተወሰነው ድርሻ ለዚያው መንደር ጥገና እንዲመለስ ያደርጋል። ሂሳቡም በየሕንፃው በር ላይ ይለጠፋል።

4. የጋራ ቤቶችን ለነዋሪው ያስመልሳል።

5. በውሃ፣ በጽዳትና በጥበቃ ጉዳይ ተከራይም በማኅበሩ ስብሰባ ድምፅ እንዲኖረው ያደርጋል።

6. የውሃ ፈረቃው ለየመንደሩ አስቀድሞ እንዲገለጽና ለላይኞቹ ፎቆች የሚያደርስ የጋራ ሮቶና ፓምፕ እንዲተከል ያደርጋል።

ሁሉን በነፃ እናደርጋለን አንልም። የደረጃ መብራትና የጥበቃ መዋጮ ይቀጥላል። ነዋሪው የድርሻውን ሲወጣ አስተዳደሩም የራሱን የማይወጣበት ምክንያት አይኖርም።

ውድ መራጮች! ለቅስቀሳ የሚመጣው ዕጩ የእኛም ይሁን የገዢው ፓርቲ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ አውጡት፤ ቧንቧውን ከፍታችሁ አሳዩት፤ ማን እንደሚጠግንላችሁ ጠይቁት። መልስ ላለው ድምፃችሁን ስጡት።